የወይዘሮ ናፊያ የመኝታ መዝገብ

ሰላም ውሎ ባደረ ቁጥር ቅር የሚለው ሰው በየሰፈሩ አይጠፋም። ኤረር በር አጠገብ ላለነው የደረሱን ክብርት ወይዘሮ ናፊያ ናቸው፤ በጥር ፀሐይ ስለ ነሐሴ ጎርፍ የሚያወሩ ሴት።

የአፎቻችን ሰብሳቢ ናቸው። አፎቻ ለሠርግና ለለቅሶ የምንረዳዳበት ማኅበር ነው፤ እሳቸው ግን "ለሞተ የሚደርስ አፎቻ ለቆመው ምነው አይደርስም?" ብለው የአደጋ እቅድ ጨመሩበት። ደብተር ይዘው ቤት ለቤት እየዞሩ ማን በየትኛው ክፍል እንደሚተኛ ይጽፋሉ። ባልና ሚስት ተኳርፈው መኝታ ሲለዩ ከዘመድ ቀድመው የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። ስናጉረመርም መልሳቸው አንድ ነው፤ "ከመጣ በኋላ ማን ይሰማል?" እኔማ በደጃቸው ላለማለፍ ዙሪያ ጥምጥም ስሄድ ጫማዬ አለቀ። የቀበሌው ሠራተኛ እንኳ ከሩቅ ሲያያቸው ስልክ ጆሮው ላይ ይለጥፋል።

ባለፈው ነሐሴ ዝናቡ ሲያባራ፣ ሰው ከንጋቱ የሱብሂ ሶላት ሲመለስ፣ የእማማ ለተማርያም ቤት ተደረመሰ። ሰማንያ ዓመታቸው ነው፤ የሚኖሩትም ብቻቸውን ነው። የአደጋ ሠራተኞች ደርሰው ፎቁ የወደቀበትን የፊት ክፍል መቆፈር ጀመሩ። እኛም እዚያው ተረባረብን፤ አልጋቸው ፎቅ ላይ መሆኑን የማያውቅ አልነበረማ።

ወይዘሮ ናፊያ በጭቃው እየተንሸራተቱ መጡና ደብተሩን ገለጡ።

"ከሰኔ ወዲህ የሚተኙት ጓዳ ነው። ጉልበታቸው ደረጃ አልወጣ ብሏቸዋል።"

ሠራተኞቹ ወደ ጓዳው ዞሩ። ግማሽ ሰዓት ያህል ከቆፈሩ በኋላ እማማ ለተማርያም ክንዳቸው ተላልጦ፣ አቧራ ለብሰው፣ በሕይወት ወጡ። አልሐምዱሊላሁና ተመስገኑ ተደባለቀ። እኔም አለቀስኩ፣ ምን እደብቃለሁ።

ከመንግሥት የመጣው ኃላፊ ለእማማ ድንኳን እንደሚተከል ነገረን። ወይዘሮ ናፊያ አመስግነው፣ ለቤቱ መልሶ ግንባታ እንጨት እንዲያቀርብ ጠየቁት፤ ድንጋዩንና ጉልበቱን አፎቻው እንደሚችል አስረዱት። ማረፊያ ግን አስቀድሞ ተመድቧል አሉና ከደብተሩ ስም አነበቡ። ስሙ የእኔ ነበር።

"እኔን መቼ ጠየቁኝ?" አልኳቸው።

"አልጠየቅኩህም። ብጠይቅህ ሰበብ ታበዛ ነበር። ሰው ደጅህ ቆሞ ግን እምቢ እንደማትል አውቃለሁ።"

አርባ ሦስት ዓመት ስኖር እንዲህ ያመነኝ ሰው አልነበረም። እማማ ለተማርያምን ደግፌ ወደ ቤቴ ወሰድኳቸው።