አሥራ ሰባቱ የጠጪ አሽከርካሪ መብቶች

የሰው ልጅ መብቱን ሳያውቅ ስንት ዘመን እንደነዳ ሲታሰብ፣ የመኪና አሠልጣኙ ለትውልድ የዋለው ውለታ በቀላሉ የሚነገር አይደለም። ሁለት ዓመት ሙሉ አንገቱን ደፍቶ፣ ጠጥቶ የተያዘ አሽከርካሪ ያሉትን አሥራ ሰባት መብቶች በመጽሐፍ አሰናዳ። መጽሐፉ ቅዳሜ በምሳ ሰዓት በደማቅ ሥነ ሥርዓት ተመረቀ። ለእያንዳንዱ መብት አንድ ብርጭቆ ይነሣ የሚል ሐሳብ ከመድረክ ሲቀርብ፣ ደራሲው በትሕትና እስከ ስድስተኛው ብቻ ተባበረ። ያልተሸጡት መጻሕፍት፣ ማለትም ሁሉም፣ ከመኪናው ኋላ ተጫኑ።

ባለቤቱ ጠብታ አልቀመሰችም። ቁልፉን ስጠኝ ብትለው፣ የመብት ደራሲ መሪውን ለሚስቱ አስረክቦ ቢታይ አንባቢ ምን ይላል ብሎ እምቢ አላት። ፈራች። መንጃ ፈቃዱ ከተነጠቀ ማሠልጠኛው ይዘጋል፤ ቤተሰቡ የሚተዳደረው ደግሞ በማሠልጠኛው ነው። ደግነቱ መኪናዋ የማሠልጠኛ ስለሆነች በአሠልጣኙ ወንበር በኩልም ፍሬን አላት። እሷ እዚያ ተቀምጣ ሦስት መስቀለኛ መንገድ በእግሯ አሻገረችው።

አራተኛው ላይ ትራፊክ ፖሊስ አስቆማቸው። አሠልጣኙ ከልቡ ደስ አለው፤ ሁለት ዓመት ሙሉ በወረቀት ብቻ የኖረ እውቀት በተግባር ሊፈተን ነው።

«ጌታዬ፣ ያስቆምኩዎት...» ብሎ ፖሊሱ ሲጀምር አሠልጣኙ መዳፉን አነሣበት።

«እሱን እንለፈው። የመጽሐፌ አንቀጽ አንድ የጀማሪ ነው፤ ተማሪዎቼንም ቤታችሁ አንብቡት ነው የምላቸው። ከሁለት እንነሣ።»

በአንቀጽ ሁለት መሠረት ፖሊሱ መታወቂያውን አሳየ። በአንቀጽ አምስት መሠረት የትንፋሽ መለኪያው የት እንዳለ ተጠየቀ።

«መለኪያውማ ሞተር ሳይክሉ ላይ ነው። ግን እኔኮ ልለካዎት አላሰብኩም» አለ ፖሊሱ ግራ ገብቶት።

«እንግዲያው የመለካት መብቴን እየነፈጉኝ ነው። አቤቱታ አቀርባለሁ።»

ባለቤቱ እጅጌውን ጎተተች። «አንተ ሰውዬ፣ በፈጠረህ፣ መጀመሪያ ልጁን አስጨርሰው።»

ጉዳዩ የሕግ እንጂ የትዳር አለመሆኑን አስረድቷት ቀጠለ። መሣሪያው ቀድሞ ባልጠጣ ሰው እንዲሞከር ስለተደነገገ ፖሊሱ ነፋበት፤ ዜሮ አለ። ከዚያ አሠልጣኙ፣ የማንም አሽከርካሪ ሳንባ ባልተነፈሰው ልዕልና፣ እስኪደክመው ነፋ። መሣሪያው ጮኸ። ፖሊሱ ቁጥሩን ሁለቴ አየው። ውጤቱ ምስክር ባለበት ጮክ ተብሎ እንዲነበብ አንቀጽ አሥራ አራት ስለሚያዝም ጮክ ብሎ አነበበው፤ ምስክሯ ፊቷን በሻርፕዋ ሸፈነች። የመጨረሻው አንቀጽ መንጃ ፈቃድ ሲነጠቅ በአክብሮት በሁለት እጅ ይወሰድ ይላል። ፖሊሱ ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ ተቀበለ።

«የቀረ መብት አለ?» ብሎ ጠየቀ፤ የሚያሾፍ አይመስልም ነበር።

«የለም» አለ አሠልጣኙ። አንድም መብት ሳይሸራረፍ መከበሩን ሊመሰክርለት ፈልጎ ነበር፤ ግን መንጃ ፈቃዱ የፖሊሱ ኪስ ሲገባ ማሠልጠኛው ድንገት ትዝ አለው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ለመሆኑ... ለምን ነበር ያስቆሙኝ?» አለ።

ፖሊሱ ወደኋላ ጠቆመው። «የመኪናዎ የኋላ ክዳን ተከፍቶ መጽሐፍዎ እየረገፈ ነው። መኪና ሳይሄድበት ልንገርዎት ብዬ ነበር።»

መንገዱ ከላይ እስከ ታች በመብት ተሸፍኗል። ባለቤቱ ወርዳ በቅርብ የወደቀውን፣ ጎማ የሄደበትን አንሥታ የመጀመሪያውን ገጽ ገለጠች።

«አንቀጽ አንድ» ብላ አነበበችለት። «አሽከርካሪው ሌላ ቃል ከመናገሩ በፊት ለምን እንደቆመ የመጠየቅ መብት አለው።»

መጽሐፉን ዘጋችና ለቁልፉ እጇን ዘረጋች።