በር ከፋቹ ጋሼ ዘለቀ

በዚህ በአሜሪካ አገር «የመጀመሪያው» የሚባል ሰው ሲከበር ደስ አይለኝም። ምቀኝነት እንዳይመስላችሁ። የመጀመሪያው ጥቁር እንዲህ የሆነ፣ የመጀመሪያዋ ጥቁር እንዲያ ያለች እየተባለ ኬክ ሲቆረስና ጭብጨባው ሲቀልጥ፣ እኔ ክፉው ሰውዬ አንድ ጥያቄ ጉሮሮዬ ላይ ይቀራል፤ ከእሱ በፊት የነበሩትን ማን ከለከላቸው? እጅና እግር አልነበራቸውም? በሩን ዘግቶ የኖረው ሰውዬስ ዛሬ የት ነው ያለው? አብዛኛውን ጊዜ ከፊት ወንበር ተቀምጦ እያጨበጨበ ነው።

ቤዝቦልን ውሰዱ። ብዙዎቻችን ሐበሾች ይህን ኳስ በዱላ የሚመቱበትን ጨዋታ አንወደውም፤ ሰዎች ቆመው ምራቅ እየተፉ የማይመጣ ነገር የሚጠብቁ ይመስለናል። ታሪኩን ግን ስሙኝ። በትልቁ ሊግ ጥቁር እንዳይጫወት ተከልክሎ ስንትና ስንት ዘመን አለፈ። «ይከልከል» የሚል ሕግ ግን አልጻፉም። የቡድኖቹ ባለቤቶች ተግባብተው ነበር፤ በቃ። ሲጠየቁ «እኛ ምንም የለብንም፤ ግን ተመልካቹ ምን ይላል? ደግሞ ጊዜው ገና ነው» ይሉ ነበር። ጥቁሮቹ የራሳቸውን ሊግ አቋቁመው፣ ሆቴሉ አላሳድር ሲላቸው አውቶብስ ውስጥ እየተኙ ተጫወቱ። ኋላ አንዱ ቡድን ማሸነፍም ትኬት መሸጥም ሲያምረው አንድ ጥቁር አስገባ። ያ ልጅ የጠጣውን ስድብ እዚህ አልደግመውም። ዛሬ በየዓመቱ፣ በኤፕሪል አንድ ቀን፣ የሁሉም ቡድን ተጫዋቾች የእሱን ቁጥር ለብሰው ይጫወታሉ። ሊጉም ለራሱ ያጨበጭባል።

ይህን ሁሉ ያስተማሩኝ ጋሼ ዘለቀ ናቸው። ጋሼ ዘለቀ ሐበሻው በሚበዛበት በፌርፋክስ መንገድ ላይ ቅመማ ቅመም ይሸጣሉ። ድሮ ዳውንታውን ፓርኪንግ ሲሠሩ፣ ጥቁር አሜሪካዊ አለቃቸው አንድ ቀን ስታዲየም ይዟቸው ገባ፤ ከዚያ ወዲህ በቤዝቦል ቀልድ አያውቁም። ሳሎናቸው ውስጥ፣ ከሶፋው በላይ፣ የዚያ የመጀመሪያ ጥቁር ተጫዋች ማልያ በመስታወት ተደርጎ ተሰቅሏል። ኤፕሪል ላይ ሱቃቸው የገባ ሰው በርበሬውን ከመረከቡ በፊት ታሪኩን ይሰማል። «እነዚህ ሰዎች ባይታገሉ እኔንና አንተን እዚህ አገር ማን ያስገባን ነበር?» ይሉኛል፤ ዓይናቸው እንባ ያቀራል። ደግሞ እውነታቸውን ነው።

እንግዲህ የእኚህ ሰው ልጅ ሜሮን፣ ማርከስ የሚባል ልጅ ወደደች። በርባንክ ባለ የፊልም ስቱዲዮ ውስጥ የድምፅ ባለሙያ ነው፤ ጨዋ፣ ሠራተኛ፣ እናቱን በየሳምንቱ ቤተ ክርስቲያን የሚያደርስ ልጅ። ጥቁር አሜሪካዊ ነው። እኛ የፌርፋክስ ሐበሾች በዚህ ጉዳይ ሕግ አልጻፍንም። ተግባብተናል፤ በቃ። ልጃችን ነጭ ብታመጣ እያጉረመረምን እንቀበላለን፤ ጥቁር አሜሪካዊ ስታመጣ ግን ሁላችንም ድንገት የዘር ቆጠራ ሊቃውንት እንሆናለን። እነሱ ደማቸውን አፍስሰው ባስከፈቱት በር ገብተን፣ ከውስጥ መቀርቀሪያ እንፈልጋለን። ይህ ያናድደኛል። ደግሜ ልበለው፤ ያናድደኛል።

ማርከስ ወጋችንን ልጠብቅ ብሎ ሽማግሌ ላከ። ሦስት ሆነን ሄድን፤ የቤተ ክርስቲያናችን ቄስ፣ እኔ፣ እና የማርከስ አያት ሚስተር ክላረንስ፣ ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር። መኪና ውስጥ ሥርዓቱን አስረዳኋቸው። «ተቀመጡ ቢሉንም አንቀመጥም፤ መልስ እስክናገኝ ቆመን ነው።» ከዘራቸውን አመቻችተው «ገባኝ» አሉ። ሳልነግራቸው የቀረሁት፣ በመጀመሪያው ቀን መልስ እንደማይሰጥ ነው። አባት ቀጠሮ ይሰጣል፣ ሽማግሌ እጅ ነስቶ ይወጣል፣ ሌላ ቀን ይመለሳል። ይህን ሐበሻ ሁሉ ስለሚያውቀው መናገሩ ትዝም አላለኝ።

ገብተን ከማልያው ፊት ለፊት ቆምን። ቄሱ ጥያቄያችንን አቀረቡ። ጋሼ ዘለቀ ጉሮሯቸውን ጠረጉና በአማርኛ መለሱ።

«እኔ በበኩሌ ምንም የለብኝም፣ አባ። ግን ሰው ምን ይላል? ቤተሰቡንም አናውቀውም። ጊዜው ገና ነው፤ እስቲ ይታሰብበት።»

ለሚስተር ክላረንስ ሳስተላልፈው ላለሰልሰው እችል ነበር። በግኜ ስለነበር ቃል በቃል ተረጎምኩት። ከዚያ ቄሱና እኔ እጅ ነስተን ወደ በሩ ዞርን። ሚስተር ክላረንስ ግን ንቅንቅ አላሉም።

«መልስ እስክናገኝ ቆመን ነው አላልከኝም?» አሉኝ። «ሰውየው እኮ መልስ አልሰጠም።»

ሥርዓቱ ነው፣ ሌላ ቀን እንመጣለን ብዬ ብለምናቸው በጄ አላሉም። ከዘራቸውን ተደግፈው፣ ማልያውን ቀና ብለው አዩት። ከዚያ ለጋሼ ዘለቀ ቁጣ በሌለው ድምፅ በእንግሊዝኛ ተናገሩ።

«አባቴ በጥቁሮቹ ሊግ ኳስ ወርዋሪ ነበር። ትልቁ ሊግ ጊዜው ገና ነው አለው። የዚህ ማልያ ባለቤት ሲገባ አባቴ ሸብቶ ነበር፤ ያኔ ደግሞ ጊዜህ አልፏል አሉት። ሌላ ቀን ና ሲሉት እሺ እያለ ነው ያረጀው። እኔ ዛሬ አልሄድም።»

ይህን ጊዜ ሜሮን ከጓዳ ወጣች።

«አባዬ፣ እኔና ማርከስ ሲቲ ሆል ልንጋባ አፖይንትመንት ሜክ አድርገናል። ሽማግሌ የላክነው አንተን ሪስፔክት አድርገን ነው፤ ኦኬ? ሶ፣ ትድረኛለህ ወይስ ብቻዬን ልሂድ?»

የሚስተር ክላረንስ ነገር የጋሼ ዘለቀን ልብ ነካው ብል ደስ ባለኝ። ግን ዓይናቸው ያን ጊዜ ልጃቸው ላይ ነበር። ግምቴን ልንገራችሁ፤ የዘለቀ ልጅ ያለ አባቷ ሲቲ ሆል ተዳረች ሲባል ፌርፋክስ ምን እንደሚል አሰቡ። ያም የቤዝቦል ቡድን ቢሆን በሩን የከፈተው ኅሊናው ወቅሶት ብቻ አልነበረም።

«በሉ ተቀመጡ» አሉ በመጨረሻ።

«ይህ መልስ ነው?» አሉ ሚስተር ክላረንስ ወደ እኔ ዞረው።

ነው አልኳቸው። ያኔ ተቀመጡ።

ሠርጉ ደመቀ። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ፤ ሰው ምን ይላል የተባለለት ያ ሰው ሁሉ መጥቶ ሁለት ሁለቴ ምግብ አነሳ። ጋሼ ዘለቀ ሙሉ ልብሳቸውን ግጥም አድርገው ማይክ ያዙ።

«ወገኖቼ፣» አሉ፣ «ያኔ አንድ ደፋር የቡድን ባለቤት ለዚያ ጀግና ተጫዋች በሩን እንደከፈተ ሁሉ፣ እኔም በማኅበራችን የመጀመሪያው ሆኜ በሬን ከፈትኩ።»

እልልታው ቀለጠ። ከኋላዬ አንዲት ሴትዮ «አባት ማለት እንዲህ ነው» አለች። ጉርሻው እጄ ላይ ቀረ። በሩን ከውስጥ ገፍተው ይዘውት የነበሩት እኮ እሳቸው ናቸው፤ እኔው በዓይኔ አይቻለሁ። ብድግ ብዬ ይህን ልናገር ከጅሎኝ ነበር፤ የሜሮንን ፊት አይቼ ተውኩት።

ሚስተር ክላረንስ አጠገቤ ነበሩና ምን እንደተባለ ጠየቁኝ። አሁንም ቃል በቃል ተረጎምኩላቸው። እጃቸውን በናፕኪን ጠርገው፣ እንደ ሰዉ ሁሉ አጨበጨቡ፣ ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«ይህን ንግግር በየኤፕሪሉ እሰማዋለሁ» አሉኝ። «የዛሬው ቢያንስ ምግብ አለው።»