በመጫወቻ ሜዳው በር ላይ ስለቆመው ብረት የተያዘ ቃለ ጉባኤ

የኮሚቴው ስም፦ ለሁሉም ቤተሰብና ለሁሉም ልጅ የሚመች የሕዝብ መጫወቻ ሜዳ አፈላላጊ ኮሚቴ

ቀን፦ የወሩ ሦስተኛ ማክሰኞ። ለስምንት ሰዓት ተጠርቶ ስምንት ሰዓት ከአርባ ተጀመረ።

ቦታ፦ ሦስተኛ ፎቅ፣ መስኮቱ ወደ መንገድ የሚያየው የስብሰባ ክፍል።

የተገኙ፦
1. ሰብሳቢው
2. ምክትል ሰብሳቢው (በመሥሪያ ቤቱ «አቶ ይደር» የሚባሉት። ስሙ ከቃለ ጉባኤ እንዲወጣላቸው ጠይቀው ነበር፤ ጥያቄው ለሚቀጥለው ስብሰባ እንዲያድርም ራሳቸው ሐሳብ አቅርበዋል።)
3. የንብረት ክፍል ኃላፊዋ
4. መሐንዲሱ
5. ጸሐፊው (ድምፅ የሌለው)

ያልተገኙ፦ ሁለት አባላት። አንዱ ሌላ ስብሰባ ላይ በመሆናቸው፤ ሌላኛው ደግሞ የማይመጡበትን ምክንያት መጥቼ አስረዳለሁ ብለው ባለመምጣታቸው።

ድምፅ ካላቸው ስድስት አባላት አራቱ ስላሉ ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል።

ምድር ቤት፣ ደረጃው ሥር የተገኙ፦ አንዲት እናትና የዘጠኝ ዓመት ሴት ልጇ። ልጅቷ የምትንቀሳቀሰው በዊልቸር ነው። አቤቱታቸውን ለማሰማት ሲመጡ ይህ አራተኛቸው ነው።

አጀንዳ አንድ፦ ባለጉዳዮቹ ወደ ስብሰባው ስለሚገቡበት ሁኔታ

በመመሪያው መሠረት ባለጉዳይ ቃሉን የሚሰጠው ጉባኤው ፊት ቀርቦ መሆኑን ሰብሳቢው አስታወሱ። መሐንዲሱ ሊፍቱ ይሠራል ወይ ብለው ጠየቁ። የንብረት ክፍል ኃላፊዋ ሊፍቱ በሚገባ እንደሚሠራ፣ ነገር ግን የቆዩ ፋይሎች ስለተደረደሩበት ሰው እንደማይዝ አስረዱ። ፋይሎቹ ለምን አይወጡም ሲባሉ ሳይመዘገቡ ሊወጡ አይችሉም አሉ። ለምን አይመዘገቡም ሲባሉ ሳይወጡ ሊመዘገቡ አይችሉም አሉ። ኮሚቴው ማብራሪያው በቂ መሆኑን ተቀብሏል።

ሰብሳቢው እናትየዋ ልጅቷን አዝለው እንዲወጡ ሐሳብ አቀረቡ። ይህንኑ እንዲነግር ጸሐፊው ወደ ታች ተላከ። እናትየዋ «እሷንስ አዘልኳት፤ ወንበሩን ማን ያዝልልኛል? ሰብሳቢው ይወርዳሉ?» ማለታቸውን ይዞ ተመለሰ።

መሐንዲሱ ኮሚቴው ራሱ ለምን አይወርድም አሉ። ምክትል ሰብሳቢው፣ ጉባኤ ይጠራል፣ ይቋረጣል፣ ይበተናል እንጂ ሲወርድ ታይቶ አይታወቅም አሉ። መሐንዲሱ ቀልዴን ነው አሉ።

ከረጅም ውይይት በኋላ የባለጉዳዮቹን ቃል ጸሐፊው እየወጣና እየወረደ እንዲያመላልስ ተወሰነ። ደረጃው አርባ ስምንት ነው። ቁጥሩን ከተገኙት አባላት የሚያውቀው የለም። ጸሐፊውም እስከ ዛሬ ለምን እንደቆጠረው አያውቅም።

አጀንዳ ሁለት፦ የመስክ ጉብኝት ሪፖርት

መሐንዲሱ ኮሚቴው ባለፈው ወር ሦስት ሜዳዎችን መጎብኘቱን ገለጹ። ሜዳዎቹ ለዊልቸር ይመቹ እንደሆነ መፈተን አስፈልጎ ነበር። ኮሚቴው ዊልቸር ስለሌለው በምትኩ የሰብሳቢው ባለጎማ የቢሮ ወንበር በንብረት ማውጫ ቅጽ ተፈርሞ ወጥቷል። በወንበሩ ላይ የተቀመጡት የንብረት ክፍል ኃላፊዋ ናቸው፤ ምክንያቱም ንብረቱ ያለ እርሳቸው አይንቀሳቀስም።

በአንደኛው ሜዳ ወንበሩ አሸዋ ውስጥ ገብቶ አንድ ጎማ ጥሏል። ጎማው አልተገኘም። ሜዳው «ለመቀመጥ የማይመች» ተብሎ ተመዝግቧል። ሰብሳቢው ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደ ግራ አዘንብለው እንደሚሠሩ፣ አሁንም አዘንብለው እየመሩ እንደሆነ እንዲያዝላቸው ጠየቁ። ተይዟል።

ሁለተኛው ሜዳ ተቆልፎ ስለነበር ኮሚቴው በአጥሩ ላይ ተንጠራርቶ አይቶታል። «ሰፊ ነው» ተብሏል።

ሦስተኛው ሜዳ ባለጉዳዮቹ ከሚኖሩበት ሰፈር ያለው ነው። ሸርተቴ፣ ዥዋዥዌና ደልዳላ መሬት አለው። በሩ መካከል ሞተር ሳይክል እንዳይገባ አንድ ብረት ቆሟል። በፈተናው ወቅት የንብረት ክፍል ኃላፊዋ ከወንበሩ ወርደው በብረቱ ግራ አልፈዋል። ወንበሩም በጎኑ ተገልብጦ በቀኝ በኩል አልፏል። ሰውም ወንበርም ማለፋቸው ስለተረጋገጠ ሜዳው ለሁሉም ልጅ የሚመች ሆኖ እንደተገኘ መሐንዲሱ በደስታ አበሰሩ። ተጨበጨበ።

ሰብሳቢው ይህ የምሥራች ለባለጉዳዮቹ እንዲነገር አዘዙ። ጸሐፊው ወረደ።

እናትየዋ ሪፖርቱን እስከ መጨረሻው አዳመጡ። ከዚያ «ወንድሜ፣ ልጄ ከወንበሩ ወርዳ በእግሯ የምታልፍ ቢሆን እዚህ ምን እሠራለሁ? ደግሞ ዊልቸር ከፈለጋችሁ እኔ ጋ ነበር። የዊልቸሩ ባለቤትም አብራ ነበረች። ጠይቃችሁናል?» አሉ።

ጸሐፊው ይህን ወደ ላይ ይዞ ወጣ። በሃያኛው ደረጃ ላይ ትንሽ ቆሞ ነበር። የቆመበት ምክንያት ትንፋሽ እንደሆነ ለኮሚቴው አስረድቷል።

የንብረት ክፍል ኃላፊዋ አስተያየቱ የግል ስም የሚነካ ነው አሉ። እኔ ወርጄ ማለፌ ጥፋት ከሆነ ይነገረኝ አሉ። መሐንዲሱ ማንም እርስዎን አላለም አሉ። ኃላፊዋ፣ ጎማው የጠፋ ዕለትም እንዲሁ «ማንም እርስዎን አላለም» ተብሎ ነበር፤ ግን ሁሉም የሚያየው እኔን ነበር አሉ። ከዚህ በኋላ የተባለው እንዳይጻፍ ታዟል።

ሪፖርቱ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።

አጀንዳ ሦስት፦ የብረቱ ጉዳይ

ባለጉዳዮቹ የሚጠይቁት አንድ ነገር ብቻ መሆኑን ጸሐፊው በቃል አሰማ፦ ብረቱ ይነቀል። የሜዳው ጥበቃ ብረቱ የታሰረው በሁለት ብሎን እንደሆነና በአንድ መፍቻ በአሥር ደቂቃ እንደሚነቅለው፣ ነገር ግን ያለ ኮሚቴው ቃል እንደማይነካው ነግሯቸዋል።

ሰብሳቢው ልጅቷ ውጭ ሆና ማየት አትችልም ወይ ብለው ጠየቁ። ጸሐፊው ወርዶ ጠየቀ። ልጅቷ ራሷ መለሰች። «ሁለት ዓመት አየሁ እኮ ጋሼ። ኳስ አጥሩን ዘሎ ሲወጣ እኔ ነኝ የምመልስላቸው። ‹የውጭ በረኛ› ይሉኛል። ጎበዝ ነኝ፤ ግን አንድም ቀን ዥዋዥዌ ላይ አልወጣሁም።»

ጸሐፊው ይህን ቃል በቃል አቀረበ። ምክትል ሰብሳቢው፣ እንግዲያው ልጅቷ በሜዳው ሥራ ላይ የራሷ ድርሻ እንዳላት ከዚህ መረዳት ይቻላል አሉ።

ሰብሳቢው ባለጉዳዮቹ ትዕግሥት ቢያደርጉ መልካም መሆኑን ገልጸው «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል በልልኝ» አሉ። ጸሐፊው ይህ ተረት በተለይ ለዚህ ጉዳይ ይስማማ እንደሆነ ጠየቀ። ድምፅ እንደሌለው ተነገረው። ወረደ። ነገረ።

እናትየዋ ወደ ልጃቸው ተመለከቱ። ልጅቷ ሳቀች። «እንቁላሉ ስንት ዓመቱ ነው በላቸው» አለች።

ጸሐፊው ተመልሶ፣ ባለጉዳዮቹ ስለ እንቁላሉ ተጨማሪ መረጃ እንደሚፈልጉ ሪፖርት አደረገ።

ቀጥሎ የቀረቡት ሐሳቦች የሚከተሉት ናቸው።

ምክትል ሰብሳቢው፦ እንደነዚህ ላሉ ልጆች ለብቻቸው የሚሆን ሜዳ ወደፊት እንዲታሰብና እስከዚያ ጉዳዩ እንዲያድር። ጸሐፊው ወርዶ ሲመለስ የእናትየዋ መልስ «ልጄ መጫወት የምትፈልገው ከልጆች ጋር ነው፤ ለብቻዋማ ቤትም አለች» የሚል ነበር።

የንብረት ክፍል ኃላፊዋ፦ ብረቱ ከተነቀለ የት እንደሚመዘገብ አስቀድሞ እንዲታወቅ። ቆሞ እያለ ‹አጥር› ነው፤ ከተጋደመ ግን ‹ልዩ ልዩ› ይሆናል፤ ልዩ ልዩ ደግሞ ሞልቷል።

መሐንዲሱ፦ ብረቱን መንቀል ከባድ ችግር እንደሚያስከትል። ኮሚቴው ባለፈው ዓመት «ይህ ሜዳ ለሁሉም ልጅ ክፍት ነው» የሚል ጽሑፍ ያለው ሰሌዳ አሠርቶ ሰቅሏል። የሰቀለው በዚያው ብረት ላይ ነው። ብረቱ ከተነቀለ ሜዳው ለሁሉም ክፍት መሆኑን የሚያሳውቅ ነገር አይኖርም።

በዚህ ነጥብ ላይ ሃምሳ ደቂቃ ውይይት ተደርጓል። ሰሌዳውን ጥበቃው እንዲይዘው የሚል ሐሳብ ቀርቦ ጥበቃው እጁ ስለሚዝል ውድቅ ሆነ። ብረቱ ተነቅሎ ሰሌዳው በነበረበት እንዲቆይ የሚል ሐሳብ ቀርቦ በሦስት ለአንድ ድምፅ ካለፈ በኋላ ሰሌዳው በምን ላይ እንደሚቆይ ሲጠየቅ ያቀረቡት አባል ሐሳባቸውን አነሱ።

ጸሐፊው ሳይጠየቅ «ሁለት ብሎን ነው» አለ።

ድምፅ እንደሌለው ለሁለተኛ ጊዜ ተነገረው። ጸሐፊው ይህን ማለቱን ያስተዋለው ያን ጊዜ ነው። በአፉ የወጣ አልመሰለውም ነበር።

በዚህ ጊዜ የሰብሳቢው ወንበር ወደ ግራ ወደቀ፤ ሰብሳቢውም አብረው። ተደግፈው ከተነሱ በኋላ «ይነቀል! ይነቀልና እኔም ከዚህ ነገር ልረፍ!» አሉ። ድምፅ ተሰጠ። ሦስት ድጋፍ፣ አንድ ይደር።

ውሳኔ፦ ብረቱ እንዲነቀል። ሰሌዳው አጥሩ ላይ እንዲሰቀል። ለባለጉዳዮቹ እንዲነገራቸው።

ጸሐፊው አርባ ስምንቱን ደረጃ ወረደ። ነገራቸው። ልጅቷ «ዛሬ?» አለች። ጸሐፊው ውሳኔው ቀን እንደማይጠቅስ አስረዳ። እናትየዋ «ቀን ካልተጻፈበትማ ዛሬም ቀን ነው» ብለው የወንበሩን ፍሬን ፈቱ። ጸሐፊው እስከ በሩ ሸኛቸው። ይህ በሥራ ድርሻው ውስጥ የለም።

አጀንዳ አራት፦ ልዩ ልዩ

ጸሐፊው ሲመለስ አባላቱ መስኮቱ ላይ ቆመው አገኛቸው። ምክትል ሰብሳቢው ባለጉዳዮቹ ወደ ሜዳው አቅጣጫ በፍጥነት እየሄዱ መሆኑን በጣታቸው አሳዩ። «አያችሁ? ዛሬውኑ ሊያስነቅሉት ነው!» አሉ።

ክፍሉ ውስጥ ድንጋጤ ተፈጠረ።

ምክትል ሰብሳቢው፣ አንድ ውሳኔ በተወሰነበት ቀን ከተፈጸመ ሕዝቡ ልማድ እንደሚያደርገው፣ ነገ ሌላው መጥቶ የእኔስ ለምን ውሎ አደረ እንደሚል፣ ያደሩ ውሳኔዎች ደግሞ በዚሁ መሥሪያ ቤት አንድ ሊፍት ሙሉ እንዳሉ አስገነዘቡ። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» አሉ። መሐንዲሱ የምንሮጠው እኛ ሳንሆን እነሱ ናቸው አሉ። ሰብሳቢው መሐንዲሱን ሥርዓት እንዲይዙ አሳሰቡ። የንብረት ክፍል ኃላፊዋ በሕይወታቸው የተፈጸመ ውሳኔ አይተው እንደማያውቁና ቅጹ የትኛው እንደሆነ ግራ እንደገባቸው ተናገሩ።

ከረጅም ውይይት በኋላ የሚከተለው በሙሉ ድምፅ ተወሰነ፦

በዛሬው ስብሰባ በአጀንዳ አንድ፣ ሁለትና ሦስት የተላለፉት ውሳኔዎች በሙሉ እንዳልተላለፉ ይቆጠሩ። ብረቱ ባለበት ይቁም፤ ተነቅሎ ከሆነም ወዲያውኑ ወደ ቦታው ይመለስ። ይኸው ለጥበቃው በስልክ ይነገር።

ጸሐፊው ደወለ። ስብሰባው እንዲሰማው ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ተደረገ። ጥበቃው «አሥር ደቂቃ አላልኩም? ሰባት ነው የፈጀው» አለ። ከኋላው የልጆች ጫጫታ ስለሚሰማ ሰብሳቢው ጫጫታው እንዲቀነስ አዘዙ። ጥበቃው መቀነሻው የት እንዳለ እንደማያውቅ መለሰ።

ውሳኔው ተነበበለት። ጥበቃው «እሺ። ግን ልጅቱ ውስጥ ነች። ዥዋዥዌው ላይ ናት። ብረቱን አሁኑኑ ነው የምመልሰው ወይስ ከወጣች በኋላ?» ሲል ጠየቀ።

ሰብሳቢው የንብረት ክፍል ኃላፊዋን አዩ። እርሳቸው መሐንዲሱን። መሐንዲሱ ጠረጴዛውን። ምክትል ሰብሳቢው ጥያቄው በዛሬው አጀንዳ እንዳልተያዘ አመልክተው ለሚቀጥለው ወር ሦስተኛ ማክሰኞ እንዲያድር ሐሳብ አቀረቡ። ሐሳቡ ያለ ተቃውሞ ጸደቀ።

አባላቱ ኮታቸውን አንሥተው አሥራ አንድ ሰዓት ከአምስት ላይ ተበተኑ።

ጥበቃው ስልኩን አልዘጋም ነበር። ጸሐፊው መልስ ሰጥቶታል። መልሱ የተሰጠው ስብሰባው ከተበተነ በኋላ በመሆኑ በዚህ ቃለ ጉባኤ አልተካተተም።