የሜሮን ድምፅ ደርሶ መልስ

እኛ ሐበሾች ከፖስታ ቤት ጋር አንዋደድም። ልብ ብላችሁ እንደሆነ እንጃ። ይህ ጀርመን የሚባል ሀገር በየመንገዱ ማዕዘን ቢጫ የፖስታ ሳጥን ተክሎልን፣ እኛ አንድ ነገር መላክ ስንፈልግ መጀመሪያ የምንጠይቀው "ማን ይሄዳል?" ብለን ነው። መነጽር በሰው ነው። የደም ግፊት መድኃኒት በሰው ነው። የልጅ ዲፕሎማ ሳይቀር በሰው ነው። ፖስታ ቤት ማን እጅ እንደሚገባ አይታወቅማ። ሰው ግን ይታወቃል። የማን ልጅ እንደሆነ፣ የት እንደሚሠራ፣ ቢያጠፋ ለማን እንደሚነገርበት ይታወቃል።

በሰው የተላከ ሁሉ ይደርሳል ማለቴ አይደለም። ወንድሜ ሃምቡርግ ሳለ ጥሩ የሱፍ ካፖርት ገዝቼ በአንድ ሰው ላኩለት። መንገድ ላይ ብርዱ ጠናበት መሰለኝ፣ በዓመቱ አንድ ሠርግ ላይ ሰውየውን ካፖርቱን ለብሶ አገኘሁት። አልደነገጠም። "እትዬ አስካለ፣ ይኸው በደንብ ይዤልዎታለሁ" አለኝ። እውነቱን ነው፣ አንድ ቁልፍ እንኳ አልጎደለም።

ይህን ሁሉ የማወራችሁ ስለ ምርጫ ልነግራችሁ ፈልጌ ነው። ታገሡኝ።

ሜሮን የጓደኛዬ የአበባ ልጅ ናት። እናትና ልጅ ፉልዳ ነው የሚኖሩት፤ ከፍራንክፈርት በባቡር አንድ ሰዓት ቢሆን ነው። ልጅቷ ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ወደዚህ ወደ ፍራንክፈርት መጣችና የተማሪ መኖሪያ ውስጥ ክፍል አገኘች። ቦርንሃይም ሰፈር እኔ ቤት ብቅ የምትለው ሽሮ ሲያምራት ነው። እኔ በአማርኛ እጠይቃታለሁ፣ እሷ በጀርመንኛ ትመልስልኛለች፣ እንግባባለን።

አንድ ቀን መጥታ፣ እዚህ ሀገር የተማሪ ድምፅ ያለው እናቱ ቤት ነው አለችኝ። ምን ማለት ነው ብላት አስረዳችኝ። ተማሪው የሚማረው እዚህ ይሁን እንጂ አድራሻው የተመዘገበው ወላጆቹ ጋ ነው። ስለዚህ ወይ የምርጫው ዕለት ባቡር ይሳፈራል፣ ወይ በፖስታ ይመርጣል። ብሪፍቫል የሚሉት ይህን ነው። አመልክቶ ወረቀቱን ያስመጣል፣ ይሞላል፣ ቀዩ ፖስታ ውስጥ አሽጎ ይልካል። ሲያወሩት ቀላል ነው። ግን ማመልከቱ ይረሳል፣ ወረቀቱ ይዘገያል፣ ፖስታ ሳጥኑ ከግቢው ይርቃል፣ በዚያ ላይ ፈተና አለ። ስለዚህ እሷና ጓደኞቿ ሜንዛው ደጃፍ፣ ተማሪው ምሳ የሚበላበት ማለት ነው፣ ጠረጴዛ ዘርግተው ፊርማ ይሰበስባሉ። ግቢው ውስጥ አንድ ጥግ ይሰጠን ነው የሚሉት። ማመልከት የሚቻልበት፣ ተከልሎ መሙላት የሚቻልበት፣ አጠገቡም ቢጫ ሳጥን ያለበት።

ሳቅኩ። ባልስቅ ነው የሚገርመው። እኔ በተማሪነቴ የማውቀው ሰልፍ መንግሥት ይውረድ የሚል ነው፤ እነዚህ የፖስታ ሳጥን ይቅረብልን ይላሉ። ይህንኑ ብላት ሜሮን ቀና ብላ አየችኝና "እርስዎ ተማሪ ሳሉ ስንት ጊዜ መረጡ?" አለችኝ። በአማርኛ ነው የጠየቀችኝ። ስትቆጣ አማርኛዋ ይጠራል።

አንድም ጊዜ። ስለ ሕዝብ ሥልጣን ሲከራከር የሚያድር ምላስ የነበረን ሰዎች፣ የምርጫ ወረቀት ምን እንደሚመስል እንኳ አናውቅም ነበር። ብዙዎቹ ጓደኞቼ ሳያውቁት ነው የሞቱት። እኔ መጀመሪያ የመረጥኩት እዚህ ነው፣ ዜግነት ካገኘሁ በኋላ፣ ቦርንሃይም ውስጥ አንድ የሕፃናት ትምህርት ቤት። ለአንደኛ ክፍል ልጅ የተሠራ ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ ጉልበቴ አገጬ ደርሶ። ከዚያ ወጥቼ በርገር ሽትራሰ ከሚባለው መንገድ ላይ ዳቦ ገዛሁና መንገድ ለመንገድ እያለቀስኩ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

እና በማግስቱ ልፈርም ወደ ጠረጴዛቸው ሄድኩ። ተማሪ ስላልሆኑ መፈረም አይችሉም አለኝ፣ አንዱ ጢሙ ገና ያልሞላለት ልጅ። ቅር አለኝ። በእኔ ዘመን ጣጣ የሚመጣው አልፈርምም ባለ ሰው ላይ ነበር።

የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ይባል የለ? ሜሮን ለስንቱ ስታስረዳ ከርማ፣ የራሷን ማመልከቻ ስትሞላ ወረቀቱ ይላክልኝ ብላ የጻፈችው የፉልዳውን አድራሻ ነው። ተሳስታ ነው። ቤት ሲባል እጇ የለመደው እሱን ነው። ወረቀቱም እናቷ ጋ ደረሰ።

አበባን ብታውቋት ጥሩ ነበር። አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው የምትሠራው፣ ብቻዋን ነው ልጇን ያሳደገችው። ይህን ሁሉ ዓመት ኖራ ዜግነት አላገኘችም፤ ከሀገር ቤት የሚመጣ አንድ ሰነድ ጎደለ ተብሎ ጉዳይዋ እንደተንጠለጠለ ነው። ሀገር ቤት ሳለችም መርጣ አታውቅም። በዚያ ቤት መምረጥ የምትችለው ሜሮን ብቻ ናት፣ ለእሷም የመጀመሪያዋ ነው። አበባ ደውላ "እትዬ አስካለ፣ የቤታችን ድምፅ መጣ" አለችኝ። የሜሮን አላለችም፣ የቤታችን ነው ያለችው። ታዲያ እንዲህ ያለውን ነገር መልሰው ፖስታ ቤት ይጥሉታል? በሰው ላከችው።

ሰውየው አቶ ታደሰ ናቸው። የፉልዳ ነዋሪ ናቸው፤ ሥራቸው ግን እዚህ አውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣ መጫን ስለሆነ፣ በሥራ ቀን ባንሆፍስፊርቴል፣ ባቡር ጣቢያው ሰፈር፣ የአጎታቸው ልጅ ጋ ያድራሉ። እንደ ካፖርቱ ሰውዬ እንዳይመስሏችሁ። ተቃራኒው ናቸው፣ ችግሩም እሱ ነው። አበባ "በእጇ ይስጡልኝ፣ አደራ" አለቻቸው። አቶ ታደሰ አደራ ከተባሉ አበቃ። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ።

ሰኞ ሜሮን መኖሪያ ድረስ ሄዱ፣ አልነበረችም። ስሟ የተጻፈበት የደብዳቤ ሳጥን በሩ ላይ አለ። ሌላ ሰው ቢሆን እዚያ ከቶ ይሄዳል። እሳቸው ቆመው አዩት፣ ቆርቆሮ ሆነባቸው፣ ተመለሱ። ቀን እሳቸው ሲደውሉ እሷ ትምህርት ላይ ናት። ማታ እሷ ስትደውል እሳቸው ተኝተዋል፤ ፈረቃቸው ጎህ ሳይቀድ ነው የሚጀምረው። እኔ ተቀብዬ ላድርስላት አልኳቸው። በብዙ ትሕትና፣ በብዙ ይቅርታ እምቢ አሉኝ። እርስዎን ሳላምን ቀርቼ አይደለም፣ በእጇ ተብዬ ነው አሉ። አበባ ራሷ ደውላ ለእትዬ አስካለ ይስጡ ብትላቸውስ ትሉኝ ይሆናል። ብላቸዋለች። እኔ የያዝኩት መጀመሪያ ያልሽኝን ነው አሏት።

ምርጫው እሁድ ነው። ቀዩ ፖስታ እሁድ ከማታው አሥራ ሁለት ሰዓት በፊት ፉልዳ ካልገባ አይቆጠርም። በፖስታ በጊዜ እንዲደርስ ሐሙስ መላክ ነበረበት። ሐሙስ አለፈ። የልጅቷ ድምፅ በአቶ ታደሰ የደረት ኪስ ውስጥ ሆኖ ሻንጣ ሲጭን ይውላል።

ሐሙስ አመሻሽ ላይ ሜሮን ደውላ አለቀሰች። ሰውን ሁሉ ምረጡ ስል ከርሜ እኔው ልቀር ነው አለች። እናቴን ምን እላታለሁ አለች። እስከዚያ ድረስ ነገሩ ያስቀኝ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ሳቁ ጠፋብኝ።

ዓርብ እኩለ ቀን ላይ አቶ ታደሰን ከፈረቃ ሲመለሱ ባቡር ጣቢያ ጠብቄ ያዝኳቸው። አደራውን ካልሰጡኝ ከነተሸካሚው አደርሰዋለሁ ብዬ ነው። ግቢው ስንደርስ ሜሮን ጠረጴዛዋ ጋ ነበረች። አቶ ታደሰ በዳቦ ከረጢት የተጠቀለለውን ከኪሳቸው አውጥተው በሁለት እጃቸው ሰጧት። ከዚያ ኮፍያቸውን አውልቀው ላባቸውን ጠረጉ።

ተከልሎ መሙያ ቦታ የለም። ጥያቄያቸውስ እሱ አልነበር? ሜሮን አንድ የግንብ ጥግ ውስጥ ገባች፣ እኔና አቶ ታደሰ ጀርባችንን ሰጥተናት ጎን ለጎን ቆምን። ካፖርቴን ዘርግቼ መጋረጃ ሆንኩ። አቶ ታደሰ ዓይናቸውን ጭምር ጨፈኑ። ጀርባ ሰጥቶ ዓይን መጨፈን ምን እንደሚጨምር አልጠየቅኳቸውም።

ከድምፁ ጋር የሚሄደውን ወረቀት ፈርማ አሸገችው። አሁንስ በምን ይሂድ? ሜሮን የሰኞ ፈተና ስላለባት ፉልዳ ደርሳ መመለስ አትችልም። ፖስታ ሳጥን ቢገባ ሰኞ ይደርስ ይሆናል፣ ሰኞ ደግሞ ምን ይሠራል? አቶ ታደሰ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ነገ ማታ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ አሉ። ሜሮን አየችኝ፣ እኔም አየኋት። ራትሃውሱ፣ ማዘጋጃ ቤቱ ማለት ነው፣ ደጃፉ ላይ ሳጥን አለ፣ እሁድ ጠዋት እዚያ ይክተቱልኝ ብላ ለመነቻቸው። "አደራ" ብላም ጨመረችበት። ምነው ባላለች።

እሁድ መርጬ ወደ ቤቴ ስመለስ ስልኬ ጮኸ። አቶ ታደሰ ናቸው፣ ማዘጋጃ ቤቱ ደጃፍ ቆመዋል። "እትዬ አስካለ፣ ሰው የለም" አሉኝ። ሳጥኑስ ብላቸው፣ ሳጥኑማ አለ፣ የሚቀበለኝ ሰው ነው ያጣሁት አሉ። የሰው አደራ ይዤ ለቆርቆሮ አልሰጥም አሉ። ለመንኳቸው። ተቆጣኋቸው። ፍንክች አላሉም። ወዲያው አበባ ጋ ደወልኩ። ከሥራ እየወጣች ነበር። በሥራ ጫማዋ፣ ስልኩን ሳትዘጋው ሮጠች፤ ትንፋሿ ይሰማኛል። እሷ ስትደርስ አቶ ታደሰ ያለ ምንም ክርክር አስረከቧት። አደራ ለመጀመሪያው ሰጪ መመለስ ይፈቀዳል መሰለኝ።

ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "እኔ ባስገባው ወንጀል አይሆንም? ዜጋ አይደለሁም እኮ" አለችኝ። ፖስተኛውን ማን ፓስፖርት አምጣ ብሎት ያውቃል፣ አስገቢው አልኳት። የሳጥኑ ክዳን ሲከፈት ሰማሁ። ቶሎ አልተዘጋም።

"ገባ" አለችኝ።

ዘንድሮ ሌላ ምርጫ መጣ፣ የከተማ ምክር ቤት። የእነሜሮን ፊርማ ፍሬ አፍርቷል፤ ግቢው ውስጥ ጥግ ተሰጣቸው። ሄጄ አየሁት። መጋረጃ አለው፣ ቢጫው ሳጥንም ደጁ ላይ ነው። ተማሪው ከክፍል ወደ ክፍል ሲያልፍ ጎራ ብሎ፣ ሞልቶ፣ ከትቶ ይሄዳል። ሜሮን በትልቁ ጽፋ ለጥፋለች፦ "የእናታችሁን ቤት አድራሻ እንዳትጽፉ!"

ያንቺስ በሰላም መጣ ወይ ብዬ ጠየቅኳት። ፉልዳ ነው ያስላክሁት አለችኝ። ደግሞ ተሳሳትሽ? አይ፣ አውቄ ነው አለች። ቅዳሜ በባቡር ሄደች። የምክር ቤቱ ወረቀት ሲዘረጋ የምግብ ጠረጴዛውን የሚያለብስ ነው፤ አበባ ሳህኑን አነሣችላትና ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ሲታሸግ እናትና ልጅ ተያይዘው ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ሄዱ። ያስገባችው አበባ ናት። ያ ሁሉ ፊርማ የተሰበሰበው የልጆች ድምፅ በእናት ቤት ማለፉ እንዲቀር ነበር። ቀርቷል። የፊርማው መሪ ግን ዛሬም በእናቷ ቤት በኩል ነው የምትመርጠው፤ እኔም ተይ አላልኳትም።

ቅር የተሰኙት አቶ ታደሰ ብቻ ናቸው። ሰሞኑን ባቡር ጣቢያ አግኝተውኝ፣ እውነቱን ይንገሩኝ፣ ዘንድሮ ድምፁን በማን ላኩት አሉኝ። በማንም፣ ልጅቷ ራሷ ሄደች አልኳቸው።

"አንድ ቃል ብትነግሩኝ ኖሮ" አሉኝ፣ "እሷንም በእጄ አደርሳት ነበር።"