የሰፈራችን ሃይፖታላመስ

በእግዚአብሔር ቸርነት ለእያንዳንዱ ሰፈር አንድ ሃይፖታላመስ ተመድቧል። የሌለው ሰፈር ካለ፣ ሰዎቹ ወይ በርደዋል ወይ ነደዋል።

ቃሉ አያስፈራችሁ። እኔም ያገኘሁት ከልጄ የባዮሎጂ መጽሐፍ ነው፤ ትምህርቱን ያቋረጠ አባት የልጆቹን መጽሐፍ ይወርሳል። ሃይፖታላመስ ከአንጎላችን ሥር የተቀመጠች፣ ባቄላ የምታህል ክፍል ናት። ደማችን ሲሞቅ፣ ሲቀዘቅዝ፣ ጨው ሲበዛበት ታውቃለች። ራሷ ግን ብዙ አትንቀሳቀስም። ከሥሯ ለተንጠለጠለችው ፒቱታሪ ለምትባል ዕጢ ሹክ ትላለች፤ ያቺ ደግሞ በሆርሞን አድርጋ ለሌሎቹ ዕጢዎች ታዳርሳለች። የታዘዘው ሲበቃ ባቄላዋ ትሰማና ታስቆማለች። ይህን አንብቤ መጽሐፉን ዘጋሁና ሳቅሁ። የተጻፈው ስለ እትዬ ዓለሚቱ ነበር።

ክብርት እትዬ ዓለሚቱ ደብረ ታቦር ውስጥ፣ ከቤታችን ፊት ለፊት፣ ደጃቸው ላይ በርጩማ አውጥተው ይቀመጣሉ። የማን ልጅ እንደሚያስለው፣ የማን ላም እንደነጠፈች፣ የማን ባል እንዳኮረፈ ያውቃሉ። የእሳቸው ፒቱታሪ የእድራችን ጥሩምባ ነፊ ጋሼ ሙላቴ ናቸው። "ሙላቴ፣ ስማ" ይሏቸዋል፤ የቀረውን ሰፈሩ ይጨርሰዋል። ለቅሶ ቤት እንጀራ ሲበዛ "ይበቃል" ይላሉ፤ መሶብ የተሸከመች ሴት ከመንገድ ትመለሳለች። አንድ ጊዜ ለልጅ ልጃቸው ክርስትና እብናት በሄዱበት ሰው ሞተብን። የሚያዝ ጠፋና ሁሉም ቤት ንፍሮ ቀቀለ። ሐዘንተኞቹ ሟቹን ትተው ስለ ጥርሳቸው አለቀሱ።

ዘንድሮ በዐቢይ ጾም ጎረቤታችን ቄስ መልካሙ ጠፉ። ቤታቸውስ አሉ፤ የጠፉት ከመቅደስ ነው። ሰሞናቸው ሲደርስ ሌላ ቄስ ይተካሉ። ኋላ እንደነገሩን ነገሩ ጥም ነበር። ቀዳሽ ከቅዳሴ በፊት ውኃ አይቀምስም፤ እሳቸው ግን ጠጥተው አይረኩም፣ ጠጥተው ሳይጨርሱም ወደ ጓሮ ይሮጣሉ። ፈተና ነው ብለው ስግደት ጨመሩ። ጥሙ ባሰ። ከእንግዲህ አልቀድስም ብለው ቆርጠው ነበር።

እትዬ ዓለሚቱ በርጩማቸው ላይ ሆነው የቄሱ ቤት ጀሪካን ከቦኖው ሲመላለስ ያዩ ነበር። ጠላ ያልጠመቀ፣ ልብስ ያላጠበ ቤት ይህን ሁሉ ውኃ ምን ያደርገዋል? በዚህስ ጋሼ ሙላቴን አልጠሩም፤ ራሳቸው ተነሡ። መጽሐፍ ያነባል ብለው እኔንም አስከተሉ።

"አባ፣ ውኃው የት ነው የሚገባ?" አሏቸው ገና ከደጃፍ።

ቄሱ አቀረቀሩ። "ፈተና ነው፣ እመይቴ። ጸልዩልኝ።"

"እንጸልያለን። ግን ፈተና ጓሮ ያመላልሳል እንዴ? ስኳር ነው ይሄ። ነገ ሐኪም ቤት ነን።"

ስኳር አልነበረም። እትዬ ዓለሚቱ ሐኪሙን ገላምጠው ደግመህ ለካ አሉት፤ ደገመው፤ አሁንም አልነበረም። ቄሱ ባሕር ዳር ተልከው ሲመረመሩ የተገኘው ያችው ባቄላ ሆነች። ሰውነት ውኃውን እንዲይዝ የሚያዘውን ሆርሞን መሥራት ትታለች፤ ኩላሊትም አዛዥ ሲያጣ ውኃውን ዝም ብሎ ይለቃል። ሆርሞኑን የሚተካ ኪኒን ተሰጣቸው። እስኪስተካከልልዎ ሲጠማዎ ይጠጡ፣ ቅዳሴውም ይቆይ ተባሉ። ይህን ትእዛዝ ማን እንዳስከበረው መናገር አያስፈልግም። ቄሱ ወደ መቅደስ ጠጋ ባሉ ቁጥር ጋሼ ሙላቴ ከየት መጡ ሳይባል ከጎናቸው ይገኙ ነበር።

በሰኔ ጾም ሐኪሙ ፈቀደና ቄስ መልካሙ ቀደሱ። እትዬ ዓለሚቱ በሴቶች በኩል ቆመው የቄሱን ከንፈር ሲጠብቁ ዋሉ፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበላቸው፤ እኔም እሳቸውን ሳይ ነበር። ቅዳሴው አልቆ ቄሱ ጸበል እያደሉ ሲደርሱ፣ እትዬ ዓለሚቱ እጃቸውን አልዘረጉም።

"አባ፣ መጀመሪያ አንቱ ይቅመሱ" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

"አልጠማኝም፣ እመይቴ።"

እትዬ ዓለሚቱ የሚያዙት ጠፋቸው። ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳብ አድርገው እጃቸውን ዘረጉ።

ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ፀሐይዋ ከራ ላብ አጥምቆኛል። "አንተ፣ ብርድ ሊመታህ ነው፤ ጋቢህን ደርብ" አሉኝ እትዬ ዓለሚቱ ከኋላዬ።

አምላኬን አመስግኜ ደረብኩ።