የደብተራው ልብና የሐጅ ኢድሪስ ሰሊጥ

ሰው ዓይኑ መድከሙን ይናገራል፤ የጉልበቱን መክዳትማ ሳይጠየቅም ያወራል። ልቡ መዘንጋት ሲጀምር ግን ያመነ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔ አላየሁም። ራሴም አላመንኩም ነበር። በተለይ የእኔ ዓይነቱ፣ ዳዊቱን ከነውዳሴ ማርያሙ በቃሉ የያዘ ደብተራ «ረሳህ» ሲባል እናቱን የሰደቡት ያህል ያንገበግበዋል።

ጣልያን መተማን ይዞ በነበረበት ዘመን እኔ ሽንፋ በረሃ ላሉት አርበኞች መልእክተኛ ነበርኩ። ወረቀት ይዞ መገኘት ያሰቅላል፤ ስለዚህ መልእክት ሁሉ የሚሄደው በቃል ነው። አለቃችን ግራዝማች ደምሌ ቃሉን ይነግሩኛል፤ እኔ ፊታቸው ቆሜ ሦስት ጊዜ እደግመዋለሁ፤ ሦስተኛው ካልተዛነፈ «ሂድ» ይሉኛል። መተማ ስደርስ ለሐጅ ኢድሪስ እነግራለሁ። ሐጅ ኢድሪስ የሰሊጥ ዘይት የሚያስጨምቁ ነጋዴ ናቸው፤ ጣልያኖቹ በፊት ለፊት በር ዘይት ገዝተው ሲሄዱ፣ እሳቸው በጓሮ በር ጨውና ጥይት በግመል ወደ እኛ ይልካሉ። በዚያ በረሃ ጠመንጃ የታጠቀው ብዙ ነው፤ ጭንቅላቱን ታጥቆ የሚዘምተው ግን እኔ ብቻ ነበርኩ። ኮርተሃል ካላችሁኝ፣ አዎ፣ ኮርቻለሁ። ዛሬም አልተወኝም።

ታዲያ አንድ ግንቦት ግራዝማች «ግመሎቹ ሐሙስ ከሽንፋ መሻገሪያ ይድረሱ» አሉኝ። ሦስት ጊዜ ደገምኩ። መተማ ደርሼ «ማክሰኞ» ብዬ ተናገርኩ። ለምን? እንጃ። ሦስት ቀን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም፤ ምግቤ ቆሎ ብቻ ነበር፤ ሸሕዲ ላይም አረቄውን አንድ ሁለት ብዬ ከጀመርኩ በኋላ መቁጠሩን ትቼዋለሁ። ግመሎቹ በዚያ ሐሩር ሁለት ቀን ቆሙ። የጣልያን ጥበቃ በዚያ በኩል አለማለፉ የእግዜር ቸርነት ነው እንጂ ሰው ባለቀ ነበር። ያለፉት ዝንጀሮዎች ናቸው፤ ከጨዉ እኩሌታውን ልሰው፣ የቀረውን በትነው ሄዱ። ሰፈሩ ሁሉ ያለ ጨው ሲበላ ስሜ በየጉርሻው ይነሣ ጀመር።

መካሪ መቼ ይጠፋል? አንዱ «አብሾ ጠጣ» አለኝ። አብሾን የተማሪ ቤት ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ትምህርት ይገልጣል የሚባል ተክል ነው። ትምህርት ሲገልጥ አላየሁም፤ ሰው ሲያሳብድ ግን አይቻለሁ። አብሮኝ የተማረ አንድ ጎበዝ ጠጥቶት ሦስት ቀን ሙሉ ከዋርካ ጋር ሲከራከር ሰነበተ፤ በአራተኛው ቀን ዋርካው የረታው ይመስል አኩርፎ መጣ። እንዲህ ያለውን የቀለም ጓደኛ ያየ ሰው አብሾ አይቀምስም፤ እኔም እንቢ አልኩ።

ሰኔ ላይ ሐጅን ይቅርታ ልጠይቅ መተማ እንደወረድኩ ክረምቱ ገባ። የሽንፋ ወንዝ ሞላ፤ መመለሻ አጣሁ። ሐጅም ቤታቸው አስቀመጡኝና ነገሬን ሁሉ ከሰሙ በኋላ፣ ልብህ አልጠፋም፣ ተርቦ ነው አሉኝ። «ወላሂ፣ ግመል እንኳ ካልበላና ካልተኛ መንገድ ይስታል፤ ያንተ ጭንቅላት ከእኔ ግመል ይበልጣል እንዴ?» አሉኝ። ግመላቸው በእውነት አስተዋይ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥርዓት ወጣልኝ። ጧት የተወቀጠ ሰሊጥ በማር፤ አረቄ በግቢያቸው እንዳይነሣ፤ ቀትር ላይ እንቅልፍ፤ ፀሐይ ሲበርድ ረጅም የእግር መንገድ፤ በየቀኑም ዐሥር አዲስ የዐረብኛ ቃል። «ያወቅኸውን ብቻ የምትደግም ከሆነ መጭመቂያውን የሚዞረው ግመል ነህ» ይሉኛል። የከበደው ምሳው ነበር። እሳቸው ያረዱትን እኔ አልበላ፣ እኔ የባረክሁትን እሳቸው አይበሉ! ሁለታችንን ያስታረቀን ዓሣ ነው። ዓሣን ማን ይባርከዋል? ከውሃ ሲወጣ የማንንም ሃይማኖት ሳይነካ በራሱ ጊዜ ይሞታል። ፍልሰታ ሲገባ ግን ነገር መጣ። ዓሣ ጾም ያስገድፋል የሚሉ አባቶች አሉ፤ አያስገድፍም የሚሉም አሉ። እኔ በዚያ ክረምት ከሁለተኞቹ ጋር ነበርኩ፤ ለልቤ ስል።

መስከረም ሲጠባ ሰው ሆንኩ። ከሐጅ ቤት ዘይት የገዛውን ሁሉ ከነቀኑ እነግራቸው ጀመር። ራሴን በራሴ አደንቅ ነበር፤ ሌላ የሚያደንቅ እስኪመጣ ለምን ልጠብቅ?

ወንዙ ሲጎድል ወደ ግራዝማች ተመለስኩ። ግራዝማች ግን የሚያውቁት የዝንጀሮዎቹን ደብተራ ነው። ድኛለሁ ብላቸው አልሰሙኝም። በዚያ ቀን ሌላ የሚልኩት ሰው ስላጡ ብቻ ቃሉን ነገሩኝ፦ ጨው ይላክ፤ ኪኒን ይላክ፤ ጥይት ይጨመር፤ አቡጀዲ ይምጣ፤ ግመሎቹ በታችኛው መሻገሪያ ይለፉ። ዓይን ዓይኔን እያዩም «ስድስተኛ፣ ይህ ደብተራ ልቡ ጠፍቷልና ከእንግዲህ በእሱ ቃል እንዳይላክ፤ ሌላ ሰው ይፈለግ በል» አሉኝ። ሦስት ጊዜ ደገምኩት። የገዛ ሽረቱን ሦስት ጊዜ ያወጀ ሰው ከእኔ በፊት ነበር?

መንገዱን ሙሉ ሰይጣን አብሮኝ ተጓዘ። ስድስተኛዋን ብዘላት ማን ያውቃል? ቢታወቅስ «ረሳው» ነው የሚባል፤ መርሳቴን ደግሞ አገር ያውቀዋል። ካልረሳሁ ከሥራዬ እባረራለሁ፤ ከረሳሁ እንጀራዬ ላይ እቆያለሁ። ግን ያ ሁሉ ሰሊጥ የት ሊገባ ነው? ሐጅ ፊት ቆምኩና ስድስቱንም አንድ ፊደል ሳላጎድል አወረድኳቸው። ስድስተኛዋን እንዲያውም ጮክ ብያለሁ።

ሐጅ ሳቃቸው መለስ ሲል፣ ይህን ያልረሳ ሰው ምን ይረሳል አሉ። ሆኖም የግራዝማች ቃል ቃል ነው ብለው አማቻቸውን ኑሩን መልእክተኛ አደረጉት። ኑሩ ደግ ሰው ነው፤ የሰማውን ለመያዝ ግን አልተፈጠረም። ሐጅ ለግራዝማች የላኩት መልስም ስድስት ነገር ነበር፤ የመጨረሻው «እንደ ትእዛዝዎ ደብተራውን ሽረን ኑሩን ልከናል» ይላል። ያስጠናሁት እኔው ነኝ። መንገዱንም ስለማያውቀው ልመራው አብሬው ወጣሁ። ጭንቀቱ እንቅልፍ ነስቶት፣ እህልም አልወርድ ብሎት ሲያጉተመትም ሰነበተና፣ ሽንፋን ስንሻገር ውሃው ደረቱ ጋ ሲደርስ ያጠናው ሁሉ በነነ።

ግራዝማች ሲያዩኝ ፊታቸው በራ። ያን ሰሞን ከጣልያን ጋር ሌት ተቀን ሲታኮሱ ሰንብተዋል፤ እኔን መሻራቸው ጨርሶ ትዝ አላላቸውም። «ደብተራ፣ ምነው ዘገየህብኝ? ምን ይዘህ መጣህ?» አሉኝ። ኑሩ እኔን አየኝ። እኔም ጉሮሮዬን ጠርጌ አንዱን፣ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን፣ አራተኛውን፣ አምስተኛውን እንደ ዳዊት አወረድኩላቸው። ግራዝማች ራሳቸውን እየነቀነቁ፣ እንዲህ ያለ ልብ ከየት ይገኛል ብለው አጠገባቸው ላሉት አሳዩኝ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «ሌላ ያሉት የለም?» ብለው ጠየቁኝ።

ሰሊጤን በልቼ፣ እንቅልፌን ጠግቤ፣ አረቄ በአፌ ሳይዞር ረሳሁት።