የነቢል ዓይን

ልጅ ሲወለድ ዘመድ መጀመሪያ የሚሻማው አፍንጫውን ነው። መልከ መልካም ከሆነ የአባቱ ወገን «የእኛ ነው» ይላል፤ የእናቱ ወገንም አይለቅም። አድጎ ሲያጠፋ ግን ሽሚያው ያበቃና መገፋፋቱ ይጀመራል። «ዘር ከልጓም ይስባል» ይባል የለ? ችግሩ፣ የሳበው የማን ዘር እንደሆነ ሁላችንም የምናውቅ ይመስለናል።

መርካቶ፣ ከራጉኤል ዝቅ ብሎ፣ ቁልፍና ዚፕ የምሸጥባት ጠባብ ሱቅ አለችኝ። ፊት ለፊቴ ያሉት ጋሼ ሰይድ በጎረምሳነታቸው ከወሎ መጥተው በጨርቅ ንግድ ያረጁ ሰው ናቸው። የሴት ልጃቸው የሀያት ልጅ ነቢል ትምህርቱን ጨርሶ አብሯቸው መሥራት በጀመረ ሰሞን፣ አንዲት ሙሽራ ለሚዜዎቿ ጠቆር ያለ ቀይ ጨርቅ በስልክ አዘዘች። ነቢል ለክቶ፣ ቆርጦ፣ አሽጎ ላከ። በማግስቱ የሙሽራዋ እናት ጨርቁን ታቅፈው ከች አሉ። የወይራ ቅጠል የመሰለ አረንጓዴ!

ነቢል ጨርቁንና የሴትዮዋን ፊት እያፈራረቀ አየ። ምን እንዳጠፋ አልገባውም።

ጋሼ ሰይድ በተሰበሰበው ሰው ፊት «ይሄ የአባቱ ዘር ነው! በእኛ ቤት ቀለም የሚስት ሰው ተወልዶ አያውቅም» አሉ። ወሬው የሀያት ባል ሙስጠፋ ጆሮ ደረሰ። ሙስጠፋ ዝምተኛ ነው፤ አልተጣላም፤ ከአማቱ ቤት እግሩን ነቀለ እንጂ። የተቃጠለችው ሀያት ናት፤ የአንዱ ልጅ፣ የሌላው ሚስት።

እሷው ልጇን ይዛ ዓይን ሐኪም ዘንድ ሄደች። ሐኪሟ ያስረዳቻትን በዚፕ ነጋዴ አማርኛ ላጫውታችሁ። ቀይና አረንጓዴ የምንለይበትን ነገር ሴት ሁለት ይዛ ትወለዳለች፤ አንዱን ከእናቷ፣ አንዱን ከአባቷ። አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይሸፍንላታል። ወንድ ያለው አንድ ብቻ ነው፤ እሱንም የምትሰጠው እናቱ ናት እንጂ አባቱ አይደለም። ስለዚህ ሀያት ራሷ አጥርታ እያየች ጉድለቱን ለልጇ ልታቀብል ትችላለች። «እሷስ ከየት አመጣችው?» ካላችሁ፣ ወይ ከእናቷ ወይ ከአባቷ ነው፤ ከአባቷ ከሆነ አባትየውም ቀለም ይስታሉ ማለት ነው።

ሀያት በቀጥታ ወደ ሱቁ መጣች። ሁለት ጣቃ ጨርቅ፣ አንድ ቀይ አንድ አረንጓዴ፣ አውርዳ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች።

«አባዬ፣ ቀዩ የቱ ነው?»

ጋሼ ሰይድ ሳቁ። እጃቸውን ዘረጉ። እጃቸው አየር ላይ ቀረ። ከዚያ አጠገባቸው ወደተቀመጡት ባለቤታቸው፣ ወደ እትዬ መርየም ዞር አሉ።

«በቀኝህ ያለው» አሉ እትዬ መርየም፤ ሳያስቡት፣ ከልማድ።



«ታውቂ ነበር?» አሉ ጋሼ ሰይድ።

«ከተጋባን ጀምሮ።»

«ታዲያ እንዴት አትነግሪኝም?»

«ምን ብዬ? በጠየቅኸኝ ቁጥር ነግሬህ የለ?»

ለካ ጋሼ ሰይድ ያን ሁሉ ዘመን ሚስታቸውን የሚያማክሩት ምርጫቸውን ስለሚወዱ ይመስላቸው ነበር። 

ዓርብ ከጁምዓ መልስ ሙስጠፋ ቤት ሄዱ። ሙስጠፋ እንዳጫወተኝ ከሆነ፣ ይቅርታ የምትል ቃል ከአፋቸው አልወጣችም። ተቀመጡ፣ ሻያቸውን ጠጡ፣ ነቢልን ትክ ብለው አዩትና ትከሻውን ጨብጠው፣

«ልጁ ለካ በእኔ ነው የወጣው!» አሉ።

ይቅርታ ይሁን ኩራት፣ ሙስጠፋም እኔም እስካሁን አልለየንም።